በመጽሐፉ ራስጌ

ሌላው ሰው ሚስት ሲያጭ ጥሎሽ ይጠየቃል፤ እኔ የተጠየቅሁት ፊደል ነው። ላም ቢሉኝ ላም አልጠፋም። በቅሎ ቢሉኝም ከአጎቴ ጋር ተጣልቼ አመጣ ነበር። ፊደልን ግን ከማን በረት ነድቼ ላምጣው?

በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ገና በመሠራት ላይ ነበርና፣ መጥረቢያ ማንሣት የሚችል የየካ ሰው ሁሉ ጥድ ቆራጭ ሆኖ ነበር። እኔም ሌላ ሙያ የለኝም፤ ጥድ እቆርጣለሁ፣ እጠርባለሁ፣ ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት፣ ጢሜ ደግሞ ከዕድሜዬ የቀደመ ነበር። አንድ ክረምት የመምሬ ድንቁ ቤት ምሰሶ በስብሶ እንድቀይረው ተጠራሁ። መምሬ ድንቁ የደብራችን ቄስ ናቸው። ሥራው የሁለት ቀን ነበር፤ እኔ ስምንት ቀን ፈጀሁበት፤ ምክንያቱም አስካለ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ውኃ ስታቀብለኝ ሳቋን ለመስማት ስል ምሰሶውን ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ ተከልሁት። ለአራተኛ ጊዜ ልነቅል ስል መምሬ ራሳቸው ወጥተው፣ ልጄ፣ ምሰሶው አሁን ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሎቹ ሲመለሱ ወሬውን ከመንገር በፊት ጠላ ጠየቁ፤ ያኔ ነው ነገሩ እንዳላማረ የገባኝ። መምሬ አልጠሉህም አሉ። ግን ልጄን መጽሐፍ ገልጦ ለማያነብ ሰው አልድርም ብለዋል። በዚያ ላይ ከኮተቤ በኩል አንድ ዲያቆን ሽማግሌ ልኳል፤ ድምፁ መልካም ነው ይላሉ። እኔ ሰምቼው አላውቅም፣ ለመስማትም አልቸኮልሁም። የተሰጠኝ ቀን የጥምቀት ማግስት ነው። ያን ቀን በሽማግሌ ፊት ካነበብሁ አስካለ የእኔ፣ ካላነበብሁ የዲያቆኑ። ወሩ መስከረም ነበር።

ስለ መምሬ አንድ ነገር ልንገራችሁና እቀጥላለሁ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ። መምሬ መጽሐፍ ሲያነቡ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ጣል ያደርጋሉ፤ ጆሯቸው ካባውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ደብሩ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ትሕትና ነው ይላል፤ ግማሹ በወጣትነታቸው ከበቅሎ ወድቀው ነው ይላል። የትሕትና ወገን የሆኑ ዲያቆናት እሳቸውን መስለው አንገታቸውን ማዘንበል ጀምረው፣ የአንዱ አንገት እዚያው ቀርቶ በወጌሻ ነው የተመለሰው። ቤታቸው ሲያነቡ ደግሞ ሰው እንዲያያቸው አይፈልጉም። ማለዳ ከመጋረጃ ጀርባ ይገባሉ፤ መጽሐፉን አትሮንሱ ላይ፣ ማለትም በእንጨት መቆሚያው ላይ፣ የምታስቀምጥላቸው አስካለ ብቻ ነች።

እንግዲህ ጢሜን ይዤ ፊደል ቤት ገባሁ። ፊደል ቤት ማለት ከደብሩ ቅጥር ውጭ ያለች አንዲት ወይራ ነች። ከሥሯ የኔታ ተቀምጠዋል፤ በፊታቸው ዐሥራ አንድ ሕፃናት፣ ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ። የኔታ ሁለቱም ዐይናቸው አያይም። መጽሐፉን ሁሉ በቃላቸው ስለሚያውቁት ዐይን ትርፍ ነው የሚሉ ይመስላሉ፤ ተማሪ አንዲት ቃል ቢያዛባ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ለጥበቃውና ለቁንጥጫው ሀብቴ የሚባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሾመዋል። ሀብቴ የየኔታ ዐይን ነው ተባልሁ። ዐይን እንደሚቆነጥጥ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ለዐሥራ አንዱ ተማሪ ያለችው ፊደል አንዲት ናት፤ በብራና ተጽፋ መሬት ላይ ተነጥፋለች። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው በስንደዶ እየነኩ ይጮኻሉ። እኔ ስመጣ በሦስቱ ወገን ቦታ የለም፤ በአራተኛው ወገን ግን ሰፊ ቦታ አለ። ፀሐይ ስለሚመታው ባዶ መስሎኝ፣ ለፀሐይ ደግሞ ከእኔ የለመደ የለም ብዬ ዘፍ አልሁበት። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። በጢሜ የሳቁ መስሎኝ ዝም አልሁ።

ምን ምን እንማር ነበር ብትሉኝ፣ ብዙ ነው። ጠዋት ፊደል ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ወርዶ መውጣት፣ ከዚያ አዛውሮ መንካት። ቀጥሎ ቁጥር ነው፤ እሱ አልከበደኝም፣ የወደቀ ጥድ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። ቀጥሎ የቃል ጸሎት ነው፤ የኔታ በግዕዝ ይላሉ፣ እኛ እንላለን፣ ምን እንዳልን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ከሰዓት በኋላ ዜማ ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ ድምፄን ሳወጣ የኔታ ማን ነው እንጨት የሚሰነጥቅ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በዜማ ጊዜ ውኃ ልቅዳ እባላለሁ፤ ቀበና ወንዝ ድረስ ወርጄ በእንስራ አመጣለሁ። ሥነ ሥርዓትም አለ፤ ለታላቅ እንዴት ይነሣሉ፣ የመምህር እግር እንዴት ያጥባሉ የሚል። በመጨረሻም የኔታ እንዲሞቁ እንጨት መልቀም ነው። በዚህ ትምህርት ከተማሪው ሁሉ አንደኛ እኔ ነበርሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ግንድ ይዤ መጥቼ ተመሰገንሁ።

ስንደዶዬን ያለ ቦታው ባሳረፍሁ ቁጥር ሀብቴ ከብራናው ማዶ ተነሥቶ ይመጣል። ጋሼ፣ ክንድህን ወዲህ ይላል። ክንዴን እሰጣለሁ፤ ቆንጥጦኝ ይመለሳል። ቁንጥጫው እንደ ጉንዳን ነው፤ ከዚያ ደግሞ አክብሮ ጋሼ ማለቱ ያበሽቃል። ቢሆንም አስካለን እያሰብሁ ጥርሴን ነክሼ ተማርሁ። በጥቅምት ፊደሉን ጨረስሁ። በኅዳር የኔታ ባላቸው በአንዲቷ የጸሎት መጽሐፍ ንባብ ገባሁ፤ እሷም መሬት ላይ ትዘረጋለች፣ እኛም በየቦታችን እንከባለን። ፊደል በፊደል ለቃቅሜ፣ ከዚያ ቃሉን አጋጥሜ፣ በታኅሣሥ መግቢያ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ማንበብ ጀመርሁ። የኔታ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደ ድምፅህ ቢሆን ኖሮ ተስፋ አልነበረህም፣ ንባብህ ግን ተቃንቷል አሉኝ። ያን ቀን ከወይራዋ ሥር እስከ ቤቴ የሄድሁበትን እግር አላስታውሰውም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጉዱ የፈላው በጎረቤቴ በእትዬ ብዙ ቤት ነው። ወንድ ልጃቸው ከዘመተበት ደብዳቤ አስጽፎ ልኮላቸው፣ አንተ ተምረሃል ይባላልና እስቲ አንብብልኝ አሉኝ። ኮራሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ ወረቀቱን ተቀበልሁ፤ አየሁት፤ አላውቀውም። አንድም የማውቀው ፊደል የለበትም። የሌላ አገር ጽሕፈት ነው ልል አፌን ስከፍት እጄ በራሱ ፈቃድ ወረቀቱን አዞረው። ወዲያው ፊደሎቼ ሁሉ ከተደበቁበት ብቅ አሉ። እናቴ ሆይ እኔ ደኅና ነኝ፣ በቅሎዬ ግን ሞታለች ብዬ ቀጥ አድርጌ አነበብሁ። እትዬ ብዙ ስለ በቅሎዋ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላቸው ሸሹ። ለካ ጸሐፊው ከደብዳቤው አናት ላይ መስቀል ሥሎ ኖሯል፤ መስቀሉ በእጄ ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቋል። ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቀው በስመ አብ እያሉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሮጬ ወደ ወይራዋ ሄድሁ። የጸሎት መጽሐፏ እንደ ተዘረጋች ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሬ በሀብቴ ቦታ ቆሜ አየኋት። ከእኔ ወገን ያለው የገጹ ራስጌ ነው፤ ከሀብቴ ወገን ያለው ግርጌው። አራት ወር ሙሉ የተማርሁት ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው። ቦታው ባዶ የሆነው ለካ ልጆቹ ሁሉ ስለሚያውቁ ነው፤ ሀብቴን ለምን አልነገርኸኝም ብለው፣ ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ስለ ሆንህ አውቀህ የተቀመጥህ መስሎኝ ነበር አለኝ። ግንድ ሲወድቅ ሥሩንና ጫፉን ከሩቅ የምለይ ሰው፣ መጽሐፍም ሥርና ጫፍ እንዳለው አልጠረጠርሁም።

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሀብቴን ቦታ ለውጠኝ ብዬ ለመንሁት። በፊደል ቤት ግርጌ መቀመጥ ሹመት ነው፤ በነጻ አይለቀቅም። ገና ደርሶ ነበርና ጥሩ የወይራ የገና ዱላ ጠርቤ ሰጠሁት። በማግስቱ ግርጌ ተቀመጥሁ። የኔታ አንብብ አሉኝ። አየሁ፤ ከገጹ ሁሉ የማውቃት ዐይኑ ዐ ብቻ ሆነች፤ እሷ ክብ ስለሆነች በየትም ብትዞር አትለወጥም። ዐ አልሁ። ከዚያ ዝም አልሁ። ቆይቼ ሌላ ዐ አገኘሁና ዐ አልሁ። የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ይህ አዲስ የመጣው ልጅ ማን ነው?» አሉ።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ።»

«አይደለህም። እሱ እኮ ያነባል።»

ወደ ራስጌዬ ተመለስሁ። ዱላውንም ሀብቴ አልመለሰልኝም።

ከዚያ በኋላ ያላደረግሁት ነገር የለም። ከየኔታ አንዲት ቅጠል ብራና ተውሼ እንጦጦ ጫካ ይዣት ወጣሁ። በቀናው መንገድ ሳያት እንደ ድንጋይ ትዘጋብኛለች። መሬት ላይ አቁሜያት፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ጎንበስ ብዬ በእግሮቼ መሐል ባያት ግን እንደ ውኃ ትፈሳለች። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ቶሎሳ የሚባለው የሥራ ባልንጀራዬ መጥረቢያውን ተሸክሞ ደረሰ። ጥቂት ቆሞ አየኝ። ሆድህን ነው ወይስ ጸሎት ነው አለኝ። ትምህርት ነው አልሁት። እንግዲያ እኔ እንኳን ቀረብኝ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ወሬው ደግሞ ከእትዬ ብዙ ቤት ወጥቶ መንገዱን ይዟል። መስቀል ዘቅዝቆ ያነባል ተብሎ ከየካ ወጣ። ቀበናን ሲሻገር ዐይኑን ጨፍኖ ያነባል ሆነ። ኮተቤ ሲደርስ ጋኔን ይስባል ተባለ፤ እዚያ ዲያቆኑ ሳያግዘው አልቀረም። ገበያ ላይ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አስካለ ግን በውኃ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ የሚሉት እውነት ነው ወይ አለችኝ። ከጋኔኑ በቀር እውነት ነው ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። በእግሮቼ መሐል ማንበቤን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቁማ አንድ ነገር እንደ ትዝ ያላት ሰው ዝም አለች። ምነው ብላት፣ ምንም ብላ እንስራዋን ተሸክማ ሄደች። እሷም ተወችኝ ብዬ ያን ቀን እህል አልበላሁም።

የጥምቀት ማግስት ደረሰ። በመምሬ ቤት ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም ወሬውን ሰምተዋል፤ ሦስቱም ከበሩ አጠገብ ነው የተቀመጡት። እኔ የተከልሁት ምሰሶ መሐል ላይ ቆሟል። ከመጋረጃው ጀርባ አስካለ እንዳለች በቀሚሷ ጫፍ ዐወቅሁ። መምሬ የራሳቸውን መጽሐፍ አመጡ። በቃሌ እንዳልወጣው ብለው ከመሐል ገለጡና ሰጡኝ።

በቀናው መንገድ ለመያዝ ምዬ ነበር፤ እንደ ማልሁም ያዝሁ። ዐ አለች። ከእሷ በቀር የሚያውቀኝ የለም። ላቤ ብራናው ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዴ ጠረግሁ። መምሬ ጠበቁ፤ ሽማግሎቹ ጠበቁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ አስካለ ለኮተቤው ዲያቆን ውኃ ስታቀብል ታየችኝ። ያኔ እጄ መጽሐፉን ገለበጠው።

ሽማግሎቹ አንድ ላይ ብድግ አሉ። አንዱ አማተበ፤ ሌላው የበሩን እጀታ ያዘ። እኔ ማንበብ ጀምሬ ነበር፤ ግን ማን ይሰማል? መምሬ እጃቸውን አነሡ፤ ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ነበረበት።

«መጽሐፉን አስቀምጥና ውጣ።»

ልወጣ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ተነሥቷል። መጋረጃው ተገለጠና አስካለ አትሮንሱን ተሸክማ ገባች። ማንንም አላየችም። አትሮንሱን መሐል ላይ አስቀመጠች፤ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ አኖረችበት፤ ከዚያ አትሮንሱን በቀስታ አዞረችው፤ ወደ እኔም አይደለም፣ ወደ ሽማግሎቹም አይደለም፣ በጎን። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየች።

«አባቴ፣ በየማለዳው ለእርስዎ የማስቀምጠው እንዲህ አዙሬ አይደለም?»

መምሬ ወደ መጽሐፉ አዩ፤ ወደ ልጃቸው አዩ፤ ወደ ሽማግሎቹ ማየት ግን አልቻሉም። ቆይተው ሳያስቡት ራሳቸው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ጣል አለ። እኔም አንገታቸውን አየሁ፤ የመጽሐፉን ጎን አየሁ፤ እንደገና አንገታቸውን አየሁ።

«አንተ የት ተቀምጠህ ነው የተማርኸው?» አሉኝ፤ በሹክሹክታ ነው።

«ከራስጌ፣ አባቴ።»

«እኔ በግራ በኩል ነበርሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግርጌውን የሹም ልጅ ይዞብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁም።»

ሽማግሎቹ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መምሬ ከመጽሐፉ ግራ ተቀመጡ፣ እኔን በራስጌው አስቀመጡኝ፣ አዲስ ገጽ ገለጡ፤ በአንድነት አነበብን። ቃል በቃል ገጠመ። ከሽማግሎቹ ፊደል የቆጠረ አንድም አልነበረም፤ ቢሆንም ከመሐላቸው ታላቁ ፍርዱን ሰጡ። እኔ ጽሕፈት አላውቅም አሉ፣ ግን ሁለት ሰው ከሁለት ወገን መጥቶ አንድ ቃል ከመሰከረ እውነት ነው፣ ልጅቱን ስጡት።

ሰጡኝ። ደብሩ ውስጥ የትሕትና ወገን የነበሩት ጥቂት ተቀየሙ፤ የበቅሎው ወገንም ተቀየመ። ዲያቆኑ ኮተቤ አግብቷል፤ ድምፁም አሁን ሰምቼዋለሁ፣ የተባለውን ያህል አይደለም። እኔና አማቴ በበዓል ቀን በአንድ መጽሐፍ አብረን እንጸልያለን፤ እሳቸው በጎን፣ እኔ በራስጌ። ግርጌው ባዶ ነው። አስካለ አንዳንድ ቀን ወገቧን ለማሳረፍ እዚያ ትቀመጣለች፤ ፊደል ሳታውቅ በትክክለኛው ቦታ ላይ የምትቀመጠው እሷ ብቻ ነች ብዬ ስቀልድ አትስቅም።

በቅርቡ የመጀመሪያ ልጃችን አራት ዓመት ሞላትና ፊደል ትቁጠር ተባለ። መምሬ ቁርስ ሳይበሉ ቀድመው መጡ። ልጅቱን መሐላችን አድርገን ወደ ወይራዋ ሄድን። የኔታ እንደ ድሮው አሉ፤ አርጅተዋል እንጂ አልተለወጡም። ቁንጥጫውን አሁን ሌላ ልጅ ተሹሞበታል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁና፣ ንባቡንም ዜማውንም እንደ ፈቀዱ ያስተምሯት፣ ቢቀጧትም አልከፋም፣ አንድ ነገር ብቻ ይለመኑኝ አልሁ። እባክዎን ልጄን ከመጽሐፉ ግርጌ ያስቀምጡልኝ። መምሬም ከኋላዬ ሆነው፣ አደራ የኔታ፣ ከግርጌው አሉ።

የኔታ የማያይ ዐይናቸውን ወደ እኛ መልሰው ብዙ አሰቡ። የምንለው ነገር በእውነት የገባቸው አይመስልም።

«ልጆቼ» አሉ፣ «መጽሐፍ ደግሞ ግርጌ አለው?»